የኋላው ግራ እግር «ቋ ቋ» ይላል፤ ሾክ አብዞርበር ተቀይሮም አልተወም (የ1998 ኮሮላ፣ ጅማ)

አዌቱ ማዶ (ሰኞ፣ ማታ 3፡10)

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1998 ስሪት፣ ባለ አራት በር፣ የኋላ ፍሬኑ ታምቡሮ (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት)። ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ገዝቼው በጊቤ በረሃ በኩል ወደ ጅማ ሳመጣው አንድም ድምፅ አልነበረውም፤ ወይም ከደስታዬ ብዛት አልሰማሁም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ከኋላ በግራ በኩል «ቋ! ቋ!» ይላል። ከቤቴ እስከ ዋናው አስፋልት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ ማንኪያ በባልዲ ውስጥ ጭኜ የምሄድ ነው የሚመስለው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ስወጣ ዝም ይላል። ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ያን ያህል አይሰማም፤ የሚብሰው ትንንሹ እርግብግብታ ላይ ነው።

ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው የመኪናውን የኋላ ጥግ በእጁ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና «ሾክ አብዞርበር ነው» አለ፤ የመኪናውን መወዛወዝ የሚያበርደውን ማለቱ ነው። ሁለቱንም አስቀየርኩ፤ ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ወጣ። ከግቢው ወጥቼ መቶ ሜትር ሳልሄድ፣ ቋ! እንዲያውም ለእኔ ጆሮ ባሰበት። ተመልሼ ስጠይቅ «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፣ ሲለማመድ ይተዋል» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አልተለማመደም።

አሁን ደግሞ የኋላ እግሩን ጎሚኒዎች (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያሉትን ላስቲኮች) በሙሉ ቀይር እየተባልኩ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ በግምት የምከፍለው ሌላ ደመወዝ የለኝም። ከመክፈሌ በፊት ራሴ ልፈትሸው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ላዳ ናፋቂ (ሰኞ፣ ማታ 3፡42)

ወንድሜ፣ ጎሚኒው ደርቆ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ አድርገህ ከሥር በደንብ ቀባው። እኔ ላዳዬን 14 ዓመት እንዲህ እያደረግኩ ነድቻታለሁ። የጅማን ጭቃ፣ የሰቃን መንገድ፣ የዴዶን ዳገት አብረን አይተናል። እሷ ብትኖር ኖሮ ዛሬም እነዳት ነበር። ኮሮላ የዋህ መኪና ነው፤ ትንሽ ዘይት ካየ ይረጋጋል።

መንገደኛ 7 (ሰኞ፣ ማታ 3፡55)

ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ድምፅ ማውጣቱ ምን ይገርማል? ሽጠውና አዲስ ግዛ።

አዌቱ ማዶ (ሰኞ፣ ማታ 4፡05)

መንገደኛ 7፣ ምክርህ ጥሩ ነበር፤ ገንዘቡን አብረህ ብትልከው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከታገደ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የኔውን ሸጬ የምገዛው የሌላ ሰው «ቋ ቋ» ነው።

የድሮ መካኒክ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30)

መምህር፣ መጀመሪያ ኪስህን ዝጋ።

የእግር ድምፅ እንደ ሆድ ሕመም ነው። «ያመኛል» ብቻ ብትለኝ መድኃኒት ልሰጥህ አልችልም፤ መቼ፣ የት፣ ምን ስትበላ የሚለውን ልጠይቅህ ይገባል። አንተ ግን ሳላስጠይቅህ ግማሹን ነግረኸኛል፦ ትንሽ እርግብግብታ ላይ ይብሳል፣ ትልቁ ላይ ይቀንሳል፣ ለስላሳው ላይ ይጠፋል። ይህን ጻፍ አድርገህ ያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥጉን ጫን ጫን አድርጎ መልቀቅ ሾክ አብዞርበሩ ፈጽሞ መሞቱን ያሳያል፤ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግርም። የሞተ ሾክ አብዞርበር መኪናውን እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋል እንጂ ሁልጊዜ አያንኳኳም። ዘይት አፍስሶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ጥቁር ጭቃ ለብሶ ካላየህ በስተቀር በጥርጣሬ ብቻ አይቀየርም። የሆነው ሆኗል፤ አዲስ መሆኑ አይጎዳህም።

አሁን ከመፍታት በፊት የሚደረገውን ልንገርህ። መኪናውን ከሥር አሳጥበው። ክረምቱን ሙሉ የተጠቀጠቀ ጭቃ ላይ ቆሞ ስንጥቅ የሚያይ ዓይን የለም። (ስምህን አይቼ ነው፤ አዌቱ ውስጥ አስገብተህ አትጠበው፤ ወንዙ የራሱ ሕመም ይበቃዋል።) ሲደርቅ የአራቱንም ጎማ ዳዶ በቁልፍ ሞክር። አትሳቅ። አንድ ጊዜ ከአጋሮ የመጣ ደንበኛ «እግሩ ተበላሽቷል» ብሎ አቆመልኝ፤ 45 ኪሎ ሜትር የነዳው በእጅ በሚዞሩ ዳዶዎች ነበር። እኔ ቁልፍ ሳነሳ እሱ ላብ አጠመቀው።

ከዚያ የኋላውን የዕቃ ቦታ ባዶ አድርግ። ባዶ ስል ባዶ ነው፤ ስኮርታ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የመፍቻ ከረጢቱን፣ ባለቤትህ የረሳችውን የዘይት ጀሪካን። ያንኑ ኮብልስቶን ንዳ።

በሦስተኛ ደረጃ ሁለት ዓይነት ጉብታ ፈልግ። የፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ በቀስታ ቀጥ ብለህ ውጣው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይነሣሉ። ከዚያ አንዱ ጎማ ብቻ የሚገባበት ጉድጓድ ፈልግ፤ ለጅማ ሰው ይህን ፈልግ ማለት ስድብ ነው። የመኪናውን ግራና ቀኝ የሚያያይዘው የብረት ዘንግ፣ ስታቢላይዘር የምንለው፣ የሚጠማዘዘው አንዱ ጎማ ብቻውን ሲነሣ ነው። እኩል ሲነሡ ዝም፣ ለየብቻ ሲነሡ «ቋ» ካለ ጥፋቱ የስታቢላይዘሩ ሊንክ (ማያያዣው አጭር ዘንግ) ወይም ጎሚኒ ነው። ከሥር ገብተህ እይ፤ የኔ መኪና የለውም ካልክ ሥራው ቀለለ። በሁለቱም መንገድ «ቋ» ካለ ስታቢላይዘርን ተወው።

ቀጥሎ ሰው በሌለበት፣ ደረቅና ቀጥ ያለ ኮብልስቶን ላይ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት እየሄድክ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ብቻ ሳብ አድርግ። ሸራው ታምቡሮውን ነካ ሲያደርግ ድምፁ ከጠፋ የሚንኳኳው የፍሬኑ ሸራ ወይም ስፕሪንጉ ነው። ቁልቁለት ላይ ወይም ዝናብ ላይ እንዳትሞክረው፤ የኋላ ጎማ ከተቆለፈ መኪናው ዞሮ ፊትህን ወደ መጣህበት ያደርገዋል።

መጨረሻ ላይ ሁለት ወፍራም ጓደኞችህን ኋላ አስቀምጥና ልዩነቱን ስማ።

ላዳ ናፋቂ፣ የዘይቱን ነገር ማታ እመለስበታለሁ፤ አሁን ሥራ አለኝ።

የቆጪ ነርስ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ እሱ ደግሞ አያንኳኳም፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እንደ አሮጌ አልጋ። ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲኖር ይተዋል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ይጀምረዋል። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስወጣ ጸጥ ያለው መኪና ከሰዓት ስመለስ ሌላ መኪና ይሆንብኛል። ይህ ከመምህሩ ጋር አንድ ነው?

ሊሙ ጫኝ (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡02)

አይደለም እህቴ። ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ፒክአፕ ነው የምነዳው፤ ኋላው ባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ነው። በቡና ወቅት 60 60 ኪሎ የሆነውን ጆንያ ደርድረን ስንወጣ ዝም ይላል፤ አራግፈን ባዶውን ስንመለስ ግን ከሊሙ ገነት እስከ ጅማ ዘፈን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጥ ሲል የነበረው ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ ነበር፤ የቅጠሎቹ ጫፍ ላይ የነበሩት ማለያያዎች አልቀው ኖሮ። አንድ ቀን ግን ሲጡ ወደ «ጓ» ተለወጠ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ላልተው፣ የመሃሉ ብሎን ተቆርጦ አገኘነው። አክስሉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ መኪናው በአግድሙ ነበር የሚሄደው፤ ከኋላዬ የመጣ ሹፌር ነው በጥሩምባ ያስቆመኝ።

የምለው ይህን ነው፦ ድምፁ ዓይነቱን ሲለውጥ የዚያን ቀን አቁሙና እዩ።

የድሮ መካኒክ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሊሙ ጫኝ ልክ ነው።

ልጄ ነርሷ፣ ሐኪም ቤት ውላ እንዲህ አጥርታ ምልክት የምትነግረኝ ደንበኛ ብትበዛልኝ ኖሮ ፀጉሬ እንደዚህ አይነጣም ነበር። እርጥበት ሲነካው የሚተው «ሲጥ» ላስቲክ ነው። የቪትዝ ኋላ እግር እንደ ኮሮላው ብዙ ዘንግ የለውም፤ ግራና ቀኙን የሚያገናኝ አንድ ወፍራም ድልድይ ነው፤ እሱም ከፊት በኩል በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ከአካሉ ጋር ተያይዟል። በውሃ መርጫ ጠርሙስ ንጹህ ውሃ ያዢ። ከሰዓት ሲጥ ሲጥ ሲል የግራውን ጎሚኒ ብቻ አርሺና አንድ ሰው ኋላውን ያወዛውዝልሽ። ካልተወ የቀኙን። የቱ ላይ እንደቆመ ውሃው ራሱ ይነግርሻል። ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳትቀቢበት።

ወደ ላዳ ናፋቂ ልመጣ። ወዳጄ፣ የላዳ ፍቅርህን አከብራለሁ፤ እኔም ስንቱን ላዳ ፈትቻለሁ። የተቃጠለ ዘይት ጎሚኒ ላይ መቀባት ግን ዛሬ ድምፁን አጥፍቶ የዛሬ ስድስት ወር ጎሚኒውን ያጠፋዋል። የተፈጥሮ ላስቲክ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል። ድምፁ ስላልመጣ ዳነ ትላለህ፤ አልዳነም፣ አፉን ነው የዘጋኸው።

ላዳ ናፋቂ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጋሼ፣ ታዲያ የኔዋ 14 ዓመት እንዴት ኖረች?

የድሮ መካኒክ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48)

ስንት ጊዜ ጎሚኒ ቀየርክላት?

ላዳ ናፋቂ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡01)

እሱማ በየዓመቱ።

ኪቶ ፉርዲሳ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የጋሼን ያህል እጄ ዘይት አልነካም፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። መምህር «በግራ በኩል» ብለዋል። ድምፅ በመኪናው ቆርቆሮ ውስጥ ይጓዛል፤ ከሹፌር ወንበር ሆኖ የኋላ ድምፅ ከግራ ይሁን ከቀኝ በጆሮ መለየት ያስቸግራል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ራሱ ከኋላ በላስቲክ ተንጠልጥሎ ወለሉን ሲመታ ከእግር የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ስልክ ይውሰዱ። አንዱን ከኋላ ወንበር ጀርባ በግራ ጥግ፣ ሌላውን በቀኝ ጥግ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ሁለቱም ድምፅ እየቀዱ ያንኑ መንገድ ይንዱ። ቤት ገብተው አንድ ላይ ያዳምጡ። ብዙ ይለያያሉ።

ማርሚታውን ለመለየት ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቧንቧው ቀዝቃዛ እያለ፣ በቡጢ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ሞቆ ሲረዝም ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን በቅዝቃዜው ላይታወቅ ይችላል፤ ያኔ ወለሉ ላይ የተፋቀ የሚያብረቀርቅ ቦታ ይፈልጉ።

የጎማውን ዳዶ መልሰው ሲያስሩ ልኩ በዚህ መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው። በቧንቧ ተቀጥሎ በሰው ክብደት ከተረገጠ ብሎኑ ይሳባል።

አዌቱ ማዶ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡30)

ሁሉንም አደረግኩ። ውጤቱን በተራ ልንገራችሁ፤ ተማሪዎቼን የላብራቶሪ ሪፖርት አስተካክላችሁ ጻፉ የምል ሰው እኔው ነኝና አላፍርም።

የጎማ ዳዶዎቹ ጥብቅ ናቸው። የዕቃ ቦታውን ባዶ ሳደርግ ክሪኩ ከማሰሪያው ወጥቶ ስኮርታው ሥር ሲንሸራተት አገኘሁት፤ አውጥቼ ስነዳ ከድምፁ አንድ ሦስተኛው የሚሆነው፣ ቅጭልጭል የሚለው፣ ጠፋ። በደስታ ልጮህ ስል፣ ቋ! ዋናው እንዳለ ነው።

የፍጥነት መቀነሻውን ቀጥ ብዬም በአንድ ጎማም ሞከርኩት፤ በሁለቱም ያንኳኳል። የእጅ ፍሬን ምንም አልለወጠም። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ኋላ አስቀምጬ (ወፍራም ናቸው ብዬ እዚህ አልጽፍም፣ ሊያነቡ ይችላሉ) ስነዳ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማርሚታው ነጻ ነው። እግሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙትን ታችኞቹን ዘንጎች ከሥር ገብቼ በመፍቻ ገፋ ገፋ ሳደርጋቸው ጎሚኒዎቹ አርጅተዋል፣ ግን አልተቀደዱም፣ ብረት ብረት አይነካም።

የስልኩ ነገር ግን ተአምር ነው። የቀኙ ስልክ ላይ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ፤ የግራው ላይ ሚስማር በመዶሻ። ባለቤቴ ሰምታ «ይኼ ከላይ እንጂ ከታች አይደለም» አለች። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። «ስልኩ የነበረው ላይ ነዋ፣ አጠገቡ ካልሆነ እንዲህ አይጮህም።»

የድሮ መካኒክ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡15)

ባለቤትህ ከጋራዡ ሰውዬ ትበልጣለች።

እንግዲህ መጀመሪያ ጻፈው ወዳልኩህ ነገር እንመለስ። ትንሽ እርግብግብታ ላይ የሚብስ፣ ትልቅ ጉድጓድ ላይ የሚቀንስ። የታች ጎሚኒ ቢሞት ትልቁ ጉድጓድ ነበር የበለጠ የሚያስጮኸው፤ ፍሬን ስትይዝም ይሰማህ ነበር። ትንሹ ላይ የሚብስ ድምፅ ትንሽ ክፍተት ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተላልቶ ወዲያና ወዲህ የሚል ነገር።

በዚህ ኮሮላ ኋላ እግር ላይ ሞላው (ጥምዝምዙ ስፕሪንግ) እና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ የቆሙ ናቸው። የሾክ አብዞርበሩ ቀጭን ዘንግ በሞላው መሃል ወደ ላይ ያልፍና ማውንቲንግ በሚባለው፣ ላስቲክና ብረት አብረው በተጋገሩበት ክዳን ውስጥ ገብቶ በአንድ ዳዶ ይታሰራል። ማውንቲንጉ ደግሞ በሦስት ዳዶዎች ከመኪናው አካል ጋር ተያይዟል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ዘንጉ የሚሸከመው የሾክ አብዞርበሩን መግፋትና መሳብ ብቻ ነው። የመሃሉ ዳዶ ላላ ማለት ጎማው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ወጣ ወረድ ሲል ዘንጉ ማውንቲንጉን አንዴ ከታች አንዴ ከላይ ይመታዋል ማለት ነው። ኮብልስቶን ላይ ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ነው። ማንኪያ በባልዲ ያልከው እሱ ነው።

አሁን ልጠይቅህ፦ ሾክ አብዞርበሩን ሲቀይሩልህ ማውንቲንጉንም ቀይረዋል? እዚያ ቆመህ ነበር?

አዌቱ ማዶ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡22)

ቆሜ ነበር። ሾክ አብዞርበሩ ብቻ ነው የተቀየረው። «ላዩ ደህና ነው» ብለው የድሮውን መለሱት።

የድሮ መካኒክ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡40)

እንግዲያው ጥርጣሬዬ ሁለት ነው፤ ወይ አንዱ ወይ ሁለቱም። ክረምት ላይ የጀመረህ የመጀመሪያው ድምፅ የማውንቲንጉ ላስቲክ ከብረቱ ተላቅቆ ነው። ሾክ አብዞርበር ከተቀየረ በኋላ «ባሰበት» ያልከው ደግሞ የመሃሉ ዳዶ በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ ነው። አዲስ ዘንግ በቀላሉ ይዞራል። ጫፉን አንቆ የሚይዝ ሰው ከሌለ ዳዶውን ስታጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይዞርና እጅህ «ጠበቀ» ብሎ ይዋሽሃል። እኔም ልጅ ሆኜ ተዋሽቻለሁ፤ የሠራሁበት ጋራዥ ባለቤት በጥፊ ነው ያስተማረኝ።

ቅዳሜ የኋላ መቀመጫውን ጀርባ አንሣ። ከላይ ያለውን የካርቶን ሽፋን ገለጥ አድርግ። የግራውን የማውንቲንግ ጫፍ ታያለህ፤ የላስቲክ ቆብ ካለው አውጣው። ጣትህን ግማሹን ማውንቲንጉ ላይ፣ ግማሹን የዘንጉ ጫፍ ላይ አሳርፍ። ሰው ከውጭ የመኪናውን ጥግ በፍጥነት፣ በትንሽ በትንሹ ያወዛውዘው፤ በጉልበት አይጫን። ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ ደህና ነው። ለየብቻ ከተንቀሳቀሱ ሌባው ተያዘ።

አሁን በትልቁ የምጽፈው ነገር፦ ያንን የመሃል ዳዶ ለመፍታት አትሞክር። መንካት፣ ማየት፣ ጫፉን ይዞ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መሞከር ይቻላል። ዘንጉ ራሱ ላይ ግን በፒንሳ እንዳትነክስ፤ ከተጫረ የዘይት ማገጃውን ይቀደዋል። መፍታት የሚቻለው ጠቅላላው ወርዶ ሞላው በመጭመቂያ ከታሰረ በኋላ ብቻ ነው። ሞላው ታፍኖ የያዘው ጉልበት ሰው ይገድላል፤ ሽቦ ወይም ገመድ አስሮ የሚፈታ ሰው ካየህ መኪናህን አስነሥተህ ውጣ።

የቆጪ ነርስ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡58)

ይህንን የመጨረሻውን አንቀጽ ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ያንብበው። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሰው ነው የምላችሁ።

አዌቱ ማዶ (ቅዳሜ፣ ቀን 6፡45)

ተያዘ!

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከውጭ ሆኖ ያወዛውዛል፣ እኔ የኋላ ወንበሩ በነበረበት ቦታ በሆዴ ተኝቼ እጄን ሰድጃለሁ። በቀኙ በኩል ጀመርኩ፤ ልዩነቱን ለማወቅ። ቀኙ ላይ ዘንጉም ማውንቲንጉም እንደ አንድ ብረት ናቸው። ወደ ግራው ዞርኩ። ገና ልጄ ሁለተኛውን ሳያወዛውዝ ጣቴ ሥር «ትክ» አለ። አልሰማሁትም፤ በጣቴ ነው ያወቅኩት። ሦስተኛው ላይ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ዳዶውን በሁለት ጣቴ ብይዘው ከነዘንጉ ዞረ! የዘንጉን ጫፍ በቁልፍ ይዤ ወደ ማጥበቂያው ስሞክረው አንድ ሙሉ ዙርና ትንሽ ሄደ።

እንዲያ አድርጌ ነዳሁት። ከቋው አብዛኛው ጠፋ። በቀረው ቦታ ግን «ዱም» የሚል ደነዝ ድምፅ አለ፤ ቀድሞ በትልቁ ተሸፍኖ የነበረ ይመስለኛል። ጋሼ፣ ሁለተኛው ጥርጣሬዎ ይህ ነው?

የድሮ መካኒክ (ቅዳሜ፣ ቀን 7፡10)

እሱው ነው። ደረቅ «ቋ» ብረት በብረት ነው፤ ደነዝ «ዱም» ሥራውን የጨረሰ ላስቲክ ነው። ማውንቲንጉ ይቀየር፤ ግራና ቀኝ አብሮ። ቀኙ ዛሬ ደህና ቢሆንም ዕድሜው ያው ነው፣ ደግሞም አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናው ከኋላ በአንድ በኩል ጠንክሮ በሌላው ይለሰልሳል። መጭመቂያ ያለው ጋራዥ መሆኑን ሥራ ሳይጀመር በዓይንህ እይ። የመሃሉ ዳዶ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተፈታ አዲስ ይደረግ። የሞላው የላይና የታች ላስቲክ መቀመጫ ከተቀደደ እሱንም አብረህ ቀይር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ድካሙ ግን እንደገና ሙሉውን ማውረድ ነው።

የታች ጎሚኒዎቹን አሁን አትንካ። የሚቀየሩበት ቀን ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ያዝልኝ፤ ብሎኖቹ የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተሰቅሎ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቁት ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይታሰራል፤ መኪናው ሲወርድ ቀንና ሌሊት ተጠማዝዞ ይኖራል። በዓመቱ ይቀደድና «ዕቃው የማይረባ ነው» ይባላል።

መንገደኛ 7 (ቅዳሜ፣ ቀን 7፡30)

እሺ፣ አትሽጠው።

አዌቱ ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡50)

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ መጭመቂያ ያለው ሰው ተገኘ። ሁለቱንም አወረደ። የግራውን አሮጌ ማውንቲንግ ለማስታወሻ ይዤው መጣሁ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ላስቲኩ ከብረቱ ግማሽ ዙር ያህል ተላቅቋል፤ የአንድ ብር ሳንቲም እንደ ኪስ ውስጥ ይገባል። የተላቀቀው ቦታ ውስጥ ቀይ አፈር አለ፤ የኛው ሰፈር አፈር መሆኑን ቀለሙ ይናገራል። ቀኙ አልተላቀቀም፣ ግን ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

ሲያስር ከጎኑ ቆምኩ። አንዱን እጁን የዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ቁልፉ ላይ አድርጎ ሲያጠብቅ አየሁ። «ምን ታያለህ?» አለኝ። «ዘንጉ እንዳይዞር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «መካኒክ ነህ?» አለ። ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት ኮብልስቶኑን በሙሉ ነዳሁት። ከኋላ ምንም የለም። ልጄ «አባዬ፣ መኪናው ታመመ?» አለኝ፤ ጸጥ ሲል ግራ ገብቶት።

የቆጪ ነርስ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡20)

እንኳን ደስ ያለህ መምህር። የኔንም ላስመዝግብ። የውሃውን ነገር ሞከርኩ። ግራውን አራስኩ፣ ሲጥ ሲጥ እንዳለ ነው። ቀኙን ሳርሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሁለት ቀን ዝናብ ስለነበረ አልተሰማኝም፤ ዛሬ ከሰዓት ፀሐይ ወጣ፣ ተመልሶ መጣ። በስልኬ መብራት ሳየው ላስቲኩ ከፊት በኩል እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰንጥቋል። ጋሼ፣ ይህን ይዤ እስከ አጋሮ ብሄድ ችግር አለው? እሑድ ተረኛ ነኝ።

የድሮ መካኒክ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡34)

ስንጥቁ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ድልድዩን በመፍቻ ስትገፊው ብረት ብረት ካልነካ፣ ፍሬን ስትይዢም ኋላው ወደ አንድ ጎን ካልሳበሽ፣ በቀስታ ሄደሽ ትመለሻለሽ። «ሲጥ» ወደ «ጓ» ከተለወጠ ግን ሊሙ ጫኝ ያለውን አስታውሺ፤ እዚያው አቁመሽ ደውይ።

ስትመለሺ ቅዳሜ ጠዋት አምጪው። ሁለቱንም ጎሚኒ ገዝተሽ ነይ፤ ማውጫውና መክተቻው እኔ ዘንድ አለ። ቶሎ ነይ፤ ከሰዓት በኋላ የላዳ ናፋቂን ታክሲ ትዝታ የምሰማበት ቀጠሮ አለኝ።